ቲቸር ከድር ፕላዝማውን የዘጋበት ቀን

ስልኩ ሲጮህ በርበሬ ከጆንያ ወደ ጆንያ እየገለበጥኩ ስለነበር እጄን ሳልታጠብ አነሳሁት። የማላውቀው ልጅ ነው። «የቲቸር ከድር ወንድም ነህ?» አለኝ። ነኝ አልኩት። ከኋላው የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል። «ከማረቆ፣ ከቆሼ ከተማ ነው የምንደውለው። ተማሪዎቹ ነን» አለና ለቅሶ ቀደመው። ሌላ አልጠየቅኩትም። ዓይኔን በእጄ ጠረግሁ። እጄ በርበሬ መሆኑ ትዝ ያለኝ ከጠረግሁ በኋላ ነው።

ስለዚህ ወንድሜ በሞተበት ቀን የቡታጅራ ገበያ ሰው ያየብኝ እንባ ምን ያህሉ የሐዘን፣ ምን ያህሉ የበርበሬ እንደነበረ እኔም አልለየሁትም። ሰዉ ግን ደግፎ ቤት አደረሰኝ። «ምስኪን፣ እንዴት ቢወደው ነው» ሲሉ ሰማሁ። ማፈር የጀመርኩት ያን ቀን ነው ብል ውሸት ይሆናል። የጀመርኩት ከዓመታት በፊት ነው። ያን ቀን ግን ሰው እያየኝ አፈርኩ።

የገደለው ወባ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ «ጉንፋን ነው» እያለ አስተምሯል። በአራተኛው ቀን ጠመኔ እንደያዘ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያ ወዲያ በራሱ እግር አልተነሣም።

ከድር ታላቅ ወንድሜ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ስለሚበልጠኝ ጋሼ ነበር የምለው። አባታችን ከሞተ በኋላ የበርበሬ ንግዱን እናታችን ይዛ እኛን አሳደገች። ጋሼ ደግሞ በከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ሆነ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻው ወደ ፊት ያዘነበለ ሰው ነበር። ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ኮት ይለብሳል። ሲያስብ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ያፋትጋል፤ በመካከላቸው ጠመኔ ያለ ይመስል። በልቶ ሲነሳም፣ ከመስጊድ ሲመለስም፣ ጣቶቹ እንዲሁ ናቸው።

የከተማው ልጆች «ሞገድ» ይሉት ነበር። አንድ ቀን አስፋልቱን እየተሻገረ መሃል ላይ ቆመ። አንድ ሐሳብ መጥቶበታል። አንድ ባጃጅ ደረቱ ሥር መጥቶ ቆመ።

«ቲቸር ሞገድ፣ ትሻገራለህ ወይስ አትሻገርም?» አለው ሾፌሩ።

«ገና አልወሰንኩም።»

«ሳይወስኑ መሃል አስፋልት ይቆማል?»

«የሚቆም ነገር አለ። አሳፍረኝና ልንገርህ።»

አሳፈረው። ማታ ያ ሾፌር በራችን ላይ ሲያልፍ፣ «ሱሩር፣ ወንድምህን በነፃ ወሰድኩት፤ እሱ ግን ራስ ምታት ሰጥቶኝ ወረደ» አለኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በጋሼ ላይ አብሬ የሳቅሁበት ጊዜ ብዙ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሼ ለዲግሪው በየክረምቱ አዲስ አበባ ይማር ነበር። ከአንዱ ክረምት ሲመለስ ከቤተ መጻሕፍት በእጁ የገለበጠውን አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይዞ መጣ። ወረቀቱ አራት ታጥፎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ይኖራል። ከመታጠፉ ብዛት እጥፉ ላይ ያለው ፊደል ተፍቋል። እሱ ግን በቃሉ ይዞታል። ጽሑፉ ኪዩቢት ስለሚባል ነገር ነው። ኮምፒውተርና ስልክ የሚሠሩባት ትንሿ ነገር ቢት ትባላለች፤ ኪዩቢት ግን ከእሷ በጣም የተለየ አዲስ ዓይነት ነው። ጋሼ ይህን ለባጃጅ ሾፌር፣ ለፀጉር አስተካካይ፣ ለእናታችን ጭምር ነግሯል። እማዬ በርበሬ እየለቀመች አዳምጣው፣ «አልገባኝም ልጄ» ስትለው ደስ ይለዋል። «አየህ?» ይለኛል፣ «አልገባኝም ማለት የሚችል ሰው ነው የሚማረው።» ክፍል ውስጥም እንዲሁ ነው። አልገባኝም ያለ ተማሪ ካለ ጠርቶ ይጨብጠዋል።

አሥራ አንደኛ ክፍል ስደርስ አስተማሪዬ ሆነ። ለእኔ ይህ ከባድ ነበር። ጥሩ ውጤት ባመጣ «ወንድሙ ሰጠው»፣ መጥፎ ባመጣ «ወንድሙ እንኳ አላዳነው» ይባላል። በመጀመሪያው ፈተና ለማለፍ አንድ ማርክ ጎደለኝ። ቤት ውስጥ እራት ላይ ለመንኩት።

«ጋሼ፣ አንድ ማርክ ብቻ።»

«አንድ ማርክ ምን ትሠራልሃለች?»

«ታሳልፈኛለች።»

«ካላወቅኸው ወዴት ነው የምታሳልፍህ?» አለና ሥጋውን ከራሱ በኩል ወደ እኔ ገፋልኝ። ሥጋውን በላሁ። ቂሙን ግን ያዝኩ።

ያን ጊዜ በየክፍሉ ፕላዝማ የምንለው ትልቅ ቴሌቪዥን ነበር። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፤ በእንግሊዝኛ ነው፤ ይፈጥናል። መምህሩ ትምህርቱ ሳይጀመር ጥቂት ደቂቃ፣ ካለቀ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ይናገራል፤ በመሃል እንደኛው ቆሞ ያያል። መብራት ሲጠፋ ብቻ ነበር መምህር የምናገኘው። አንድ ቀን ግን መብራት ሳይጠፋ ጋሼ ሄዶ ፕላዝማውን ዘጋው።

«ቲቸር፣ መብራት አለ እኮ» አለ አንድ ልጅ ከኋላ።

«አውቃለሁ። ለአንድ ቀን እኔን ታገሡኝ።»

ወደ ግድግዳው ሄዶ አምፖሉን አበራ፤ አጠፋ። «ይህች ቢት ናት» አለ። «ወይ አንድ ናት ወይ ዜሮ። ብታዩአትም ባታዩአትም ከሁለቱ አንዷ ናት። ደግማችሁ ብታዩአትም ያቺው ናት። ክልክል ነው ብላችሁ ኪሳችሁ ውስጥ የደበቃችሁት ስልክ፣ ዘፈኑም መልእክቱም፣ የእንዲህ ያለ ማብሪያ ማጥፊያ ክምር ነው።»

ከዚያ መጠቆሚያ ዱላውን አነሳ። ወደ ኮርኒሱ ቀጥ አድርጎ «አንድ» አለ። ወደ ወለሉ ዘቅዝቆ «ዜሮ» አለ። ቀጥሎ ዱላውን አጋደመው፤ ወደ ግራ አዘነበለው፤ ወደ መስኮቱ አዞረው። «ኪዩቢት እንዲህም ይሆናል፣ እንዲህም ይሆናል። አቅጣጫው ብዙ ነው። ግን ጠባይ አለው። የት ነህ ብላችሁ ስትጠይቁት የሚመልሰው ኮርኒስ ወይም ወለል ብቻ ነው። ወደ ኮርኒሱ አዘንብሎ ከነበረ ኮርኒስ የማለት ዕድሉ ይበዛል። ከመለሰ በኋላ ግን በመለሰበት ይቀራል። ቀድሞ እንዴት አዘንብሎ እንደነበረ ደግማችሁ ብትጠይቁት አታገኙትም።»

እጄን አወጣሁ። ለምን እንዳወጣሁ አላውቅም፤ በእሱ ክፍለ ጊዜ አውጥቼ አላውቅም ነበር። «እንደ በርበሬ ጆንያ ነው ማለት ነው» አልኩ። «አፉ ተሰፍቶ ከማረቆ ሲመጣ ካልተፈታ ቀይ ይሁን የነጣ አይታወቅም።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ጋሼ ግን አልሳቀም። መጥቶ እጄን ጨበጠኝ። «በጣም የሚጠቅም ስህተት ነው የሠራኸው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ጆንያው ውስጥ ያለው በርበሬ ተወስኗል። የነጣ ከሆነ ሳይፈታም የነጣ ነው። ያላወቅነው እኛ ነን። ኪዩቢት ግን ደብቆ የያዘው መልስ የለውም። መልሱ የሚወለደው ሲጠየቅ ነው።»

ሃያት የምትባል ጎበዝ ልጅ ፊት ለፊት ትቀመጥ ነበር። «ታዲያ ዕጣ መጣል በለዋ ቲቸር» አለችው። «ምን አዲስ ነገር አለው?»

ጣቶቹ ተፋተጉ። ከቦርሳው የጆንያ ማሰሪያ ገመድ አወጣ። መሃሉ ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል። አንዱን ጫፍ ለሃያት፣ ሌላውን ለእኔ ሰጠንና አራራቀን። «አንተ ገመዱን ወደ ላይ ሰብቀው። አንቺ ወደ ታች። እኩል፣ በአንድ ጊዜ።» ሁለት ጊዜ ተሳሳትን፣ ተሳቀብን። በሦስተኛው ከእኔ በኩል ጉብ ያለ ሞገድ ሄደ፤ ከእሷ በኩል የጎደጎደ መጣ። ተላለፉ። የእሷ እጄ ላይ ደርሶ ተሰማኝ። የእኔም እሷ ጋ ደርሷል፤ እጇ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ቀዩ ክር ግን ንቅንቅ አላለም።

ከኋላ ያሉት ክሩን ለማየት ከወንበራቸው ተነሡ።

«ዕጣ ቢሆን» አለ ጋሼ ቀስ ብሎ፣ «ወደ አንድ መልስ የሚያደርሱ ሁለት መንገዶች ካሉ ዕድሉ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ኪዩቢት ዘንድ ግን ሁለት መንገዶች ተገናኝተው ሊጠፋፉ ይችላሉ። ክሩ የቆመው ምንም ስላልደረሰው አይደለም፤ ሁለት ነገር ስለደረሰው ነው። እንዲህ ያለ ማሽን የሚሠሩ ሰዎች ልፋታቸው ይኸው ነው፤ ወደ ስህተት የሚወስዱት መንገዶች እርስ በርስ እንዲጠፋፉ፣ ወደ ትክክለኛው የሚወስዱት እንዲበረቱ ማድረግ። ማሽኑ ገና ሕፃን ነው። ትንሽ ሙቀት ሲነካው ሁሉን ይረሳል።»

ስለ ራሴ ብዙ መናገር አልፈልግም፤ ይህን ግን መናገር አለብኝ። በትምህርት ቤት ካሳለፍኩት ጊዜ ሁሉ እስከ ሥሩ የገባኝ ነገር ያ ብቻ ነው። ገመዱን እንደያዝኩ ገባኝ። ለብዙ ቀን በርበሬ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ገመድ እየሰበቅሁ አየሁት። ለጋሼ ግን አልነገርኩትም። ያቺ አንድ ማርክ ገና ሆዴ ውስጥ ነበረች።

ፕላዝማው መዘጋቱ ተሰማ። የትምህርት ዘመኑ አጋማሽ ላይ ግምገማ ተጠራ። በዚያ ዘመን ግምገማ የማይገባበት መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ ሰው በሰው ፊት ይወቀሳል፣ በመጨረሻም ተነሥቶ ራሱን ይወቅሳል። አንድ የፊዚክስ መምህር ቆላ፣ ወደ ቆሼ እንደሚዛወር ይወራ ስለነበር፣ ማን እንደሚሄድ በዚያ ስብሰባ እንደሚለይ ሁሉም ያውቃል። እማዬ ጭንቅ ይዟታል። ጋሼ ከልጅነቱ ወባ ሲነካው ቶሎ የሚጥለው ሰው ነው። እዚሁ ቅርብ እንሴኖ ዘመድ ጥየቃ ሄዶ እንኳ ታሞ የተመለሰበት ጊዜ ነበር። «ቆላ ከሄደ አይመለስልኝም» ትል ነበር።

ያን ጊዜ ተማሪውም አንድ ለአምስት እየተባለ በአምስት በአምስት ይደራጃል። የአንዱ ቡድን መሪ ስለነበርኩ እኔና ሃያት ክፍሉን ወክለን ገባን። በር ላይ ልጆቹ፣ «ዛሬ ወንድሙን ያድን እንደሆነ እናያለን» አሉ። ይህች ናት ያሰከረችኝ። ለወንድሜም እንደማላዳላ ሊያዩ ይገባል አልኩ በልቤ።

ሃያት ቀድማ ተናገረች። «ገብቶናል። እንደዚያ የገባን ትምህርት የለም» ብላ ተቀመጠች። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ወደ እኔ ዞሩ።

«ተማሪ ሱሩር፣ ወንድምነትህን ወደ ጎን ተወውና ተናገር። ፕላዝማው ተዘግቶ ያስተማራችሁ ነገር ገብቷችኋል?»

ተነሣሁ። ጋሼን አላየሁትም፤ ቡናማ ኮቱ ግን በዓይኔ ጠርዝ ይታየኛል።

«አልገባንም» አልኩ። «ጊዜ ነው የባከነው።»

ፕላዝማውን መዝጋቱን ብቻ ብናገር እውነት ነበር። የሆነውን ተናገርኩ ብዬ ራሴን አታልል ነበር። እኔ ግን የመረጥኩት እሱ ራሱ እንድንናገረው ያስተማረንን ቃል ነው። ገብቶት ሳለ አልገባኝም የሚል ሰው ይኖራል ብሎ ጋሼ በሕይወቱ አላሰበም።

«የገዛ ወንድሙ እንኳ ይህን ካለ…» አሉ ምክትሉ፤ አልጨረሱትም። ራሱን እንዲወቅስ ዕድል ተሰጠው። ተነሣ። ከኪሱ አንድ ወረቀት አውጥቶ ነበር፤ መልሶ ከተተው።

«ልከራከር ነበር የመጣሁት» አለ። «ፕላዝማውን ስዘጋ ልጆቹ ይጠቀማሉ ብዬ ነው። ካልገባቸው ግን የምከራከርበት የለኝም። ሱሩር እውነት መናገሩ ጥሩ ነው። ጥፋቱ የአስረዳዴ ነው።»

ስንወጣ ሃያት አጠገቤ መጣች። «ገመዱን አብረን ይዘነው ነበር እኮ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አናግራኝ አታውቅም።

በቀጣዩ ዓመት ጋሼ ቆሼ ገባ። በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ለእማዬ የተመረጠ በርበሬ ይዞ ይመጣ ነበር። የዛላውን ጫፍ ይዞ እያየ፣ «የቆላ ሰው ይህን ካበቀለ እኔም አንድ ነገር አበቅላለሁ» ይላል። እማዬ፣ «ልጄን ቆላ የሰደደብኝን ሰው አላህ ያሳየኝ» ትላለች። ማን እንደመሰከረ አታውቅም። «ማንም አልሰደደኝም እማዬ፣ ዝውውር ነው» ይላል እሱ። እኔ ሳህኔ ላይ አቀረቅራለሁ። አንድም ቀን ወደ እኔ አላየም። ቢያየኝ ይሻለኝ ነበር።

አንድ ጊዜ ውጭ ተቀምጬ ሳለ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። «ሱሩር፣ ያችን ነገር በሌላ መንገድ ማስረዳት ችያለሁ መሰለኝ» አለኝ። «ትንሽ ጊዜ ስጠኝ።»

«ተወኝ ጋሼ፣ ደክሞኛል» አልኩት። ገብቶኝ ነበር ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ። እሱን ብል ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ሌላ ነው።

«እሺ፣ ሌላ ቀን» አለ። ሌላም ቀን ሞከረ። ሦስተኛም። በመጨረሻ ማትሪክ ወድቄ በርበሬ ቤቱን ስይዝ፣ ለዚያም ራሱን ሲወቅስ ሰምቼዋለሁ፤ ለእማዬ፣ «መሠረቱን በደንብ አላስያዝኩትም» ሲላት። በግድግዳ ማዶ ሆኜ ሰማሁና ዝም አልኩ።

አስከሬኑ ከቆሼ መጥቶ በዚያው ቀን ተቀበረ። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ አንድ አይሱዙ በር ላይ ቆመ። ላዩ ላይ ተማሪዎች ተጭነዋል፤ የደንብ ልብሳቸው አቧራ ሆኗል። «አሰላሙ አለይኩም» ብለው ገብተው ምንጣፉ ላይ ተደረደሩ። ዱዓ ከተደረገ በኋላ አንድ ረጅም ልጅ ወደ እኔና ወደ እማዬ ቀረበ። ድምፁን ለየሁት። የደወለልኝ እሱ ነው። አብዱ ይባላል።

«ሱሩር አንተ ነህ?» አለኝ። «ስለ አንተ ሳንሰማ ያለፈ ሳምንት የለም።»

«ምን ይላችሁ ነበር?» አለች እማዬ። ልጇ የተናገረውን ሁሉ መስማት ትፈልግ ነበር።

«ስለ ኪዩቢት ሲያስተምረን ነው እማማ። ገባን ስንለው አያምነንም። 'ወንድሜ ጎበዝ ልጅ ነው፤ እሱ ያልገባው በእኔ ጉድለት ነው፤ ስለዚህ እንደገና ልሞክር' ይለናል። በዱላ አሳየን፣ በውሃ አሳየን፣ በከበሮ አሳየን። ባለፈው ሳምንት እያተኮሰው መጥቶ፣ 'አሁን አገኘኋት፣ ይህች ለሱሩር ትገባዋለች' አለን።» ልጁ አንገቱን ደፋ። «ለቅሶ ባዶ እጅ አይመጣም፤ እኛ ደግሞ ሌላ የለንም። እሷን ይዘንልህ መጣን።»

መልስ ሳይጠብቅ የምንጣፉን ጫፍ ገለጥ አደረገና በጣቱ መሬቱ ላይ ክብ ሣለ። ሽማግሌዎቹ መቁጠሪያቸውን እንደያዙ ያዩታል። ከክቡ መሃል ወደ ጠርዙ ቀስት ጎተተ። «እንግዲህ ይህ ቀስት…» አለ።

«ተወው» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ።

«ያኔም ገብቶኝ ነበር።»

አልገባውም። ወደ እማዬ ዞርኩ፤ መናገር የነበረብኝ ለእሷ ነው። «በግምገማው ላይ ተነሥቼ አልገባንም ያልኩት እኔ ነኝ እማዬ። በዚያ ነው ቆሼ የሄደው። ገብቶኝ ነበር። ሁሉም ገብቶኝ ነበር።»

እማዬ ረጅም ጊዜ አየችኝ። ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትረግመኝ ይቀለኝ ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ፣ ጀርባዋን ለእኔ ሰጥታ፣ ወደ ልጁ ተጠጋች።

«ቀጥል ልጄ» አለችው፣ መሬት ላይ የተሣለውን ክብ እያየች። «እኔ አልገባኝም። ለእኔ አስረዳኝ።»